በርችት ሌሊት የሚፈራው ዘበኛ

በከተማ የሚኖር ውሻ ሥራው ማስፈራት እንጂ መፍራት አይደለም ብለን እናምናለን። በውጭ በራችን ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ እንሰቅላለን፤ ሌባ ቢመጣ ይጮኻል፤ ጅብ ቢያልፍ ያስታውቃል፤ እኛም በእርሱ ተማምነን እንተኛለን። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የምንከፍለው ደመወዝ የእንጀራ ትራፊና አጥንት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረታችንም በእርሱና በእኛ መካከል ያለውን ውል የሚያስታውስ ይመስለኛል። ዳሩ ግን በዓመት ውስጥ ጥቂት ሌሊቶች አሉ፤ በእነዚያ ሌሊቶች ዘበኛው ራሱ ዘበኛ ያስፈልገዋል፤ ተራውም የእኛ ይሆናል። ለወጣቶች ስለ ትልልቅ ነገር እንጂ ስለ ውሻ መጻፍ ከጡረተኛ አስተማሪ አይጠበቅም የሚል ቢኖር አልከራከረውም። እኔ ግን ወደ አርባ ዓመት ያህል ልጆች ሳስተምር፣ አንድ ልጅ አፍ ለሌለው ፍጥረት የሚያደርገውን ካየሁ በኋላ ስለ ጠባዩ ሌላ ምስክር ፈልጌ አላውቅም።

ነገሩ ከነሐሴ ወር ይጀምራል። ለቡሄ ልጆች ጅራፋቸውን ገምደው ሜዳውን ሲያስጮኹት ይሰነብታሉ። የጅራፍ ጩኸት የሚወጣው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ስለሚወነጨፍ ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ቁጥር ጅራፍ የሚያጮኸው ልጅ ሁሉ ከአውሮፕላን ጋር የተወዳደረ ያህል ይኮራ ነበር። ሆኖም ጅራፍ ለውሻ ያን ያህል ክፉ አይደለም። የሚያጮኸውን ልጅ በዓይኑ ያየዋል፤ ድምፁ ከወዴት እንደሚመጣ ያውቃል። የጳጉሜ 5 ማታ፣ በየአራት ዓመቱም የጳጉሜ 6 ማታ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚተኮሰው ርችት ግን ሌላ ነው። ድምፁ ከሰማይ ይወርዳል፤ ከሕንፃ ሕንፃ እየተላተመ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ብልጭታው ይቀድማል፣ ፍንዳታው ይከተላል፤ አበቃ ሲሉት እንደገና ይነሣል። ከዚያም በላይ የሠፈር ልጆች ከሱቅ የገዙትን ትንንሹን ርችት በየደጃፉ ያፈነዱታል። ጥቂት ወራት ቆይቶም ለፈረንጆቹ ዘመን መለወጫ ይኸው ይደገማል።

የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው፤ የውሻ ጆሮ ግን እስከ 45,000 ያህል ይደርሳል። እኛ ከቶ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ እርሱ ለይቶ ያውቀዋል። ይህ ጸጋው ለእኛ ጥበቃ የጠቀመውን ያህል በርችት ሌሊት በራሱ ላይ ይዞርበታል። እኔን ይልቁን የሚያሳዝነኝ ምክንያቱን አለማወቁ ነው። እኛ ቀን ቆጥረን፣ ዶሮ አርደን፣ ሰዓታችንን እያየን የጠበቅነው ድምፅ ነው፤ ሕፃን እንኳ ቢደነግጥ እናቱ አቅፋ «አይዞህ፣ እንቁጣጣሽ ነው» ትለዋለች። ውሻ ግን ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የሚነግረውም የለም። ለእርሱ ያ ሌሊት ምንም ሳይቀድመው የመጣ የመከራ ሌሊት ነው።

እኔ የተወለድሁት በገጠር ነው። በሠርግና በጥምቀት ጠመንጃ ሲተኮስ የመንደሩ ውሾች ጅራታቸውን በእግራቸው መካከል አድርገው ወደ ማሳው ይሮጡ ነበር። ማንም አይከተላቸውም፤ ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በየደጃፋቸው ተጋድመው ይገኛሉ። ለፈራ እንስሳ የመጀመሪያው መድኃኒት ርቀት ነው። ወደ ከተማ ስናመጣው ይህን መድኃኒት ነው ከእጁ የወሰድንበት። ግቢው በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት ታጥሯል፤ በአጥሩ ራስ ላይ እሾሃም ሽቦ ወይም የጠርሙስ ስባሪ አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አስፋልትና መኪና ነው። ከዚህም የከፋ አንድ ነገር አለ። በብዙ ቤት ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፤ በበዓል ማታ ግን እንግዳ ይገባል ይወጣል ተብሎ እንደ ታሰረ ያመሻል። እንግዲህ ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ መሸሽን አብልጦ በሚሻበት ሌሊት በሰንሰለት እናቆየዋለን ማለት ነው።

አንድ ዓመት ትምህርት እንደ ተከፈተ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉ እንዲጽፉ አዘዝኋቸው፤ ይህ የአስተማሪዎች የቆየ ልማድ ነው። ከልጆቹ አንዱ፣ ሁልጊዜ ሁለት ገጽ ሞልቶ የሚያስረክበኝ፣ በዚያን ቀን ሦስት መስመር ብቻ ጽፎ ሰጠኝ። ውሻቸው በእንቁጣጣሽ ሌሊት ርችት ሲተኮስ ከነሰንሰለቱ አጥር እንደ ዘለለ፣ ሰንሰለቱም ስላልደረሰለት ጠዋት በአጥሩ ማዶ ተንጠልጥሎ ሞቶ እንዳገኙት ይናገራል። ሌላ ምንም አልጨመረም። በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ ሳነጋግረው፣ «ቲቸር፣ ሲጮኽ ሰምቼው ነበር፤ አባባ ርችቱን ነው የሚጮኽበት፣ ተወው አለኝ» አለ። አባቱን አውቀው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በሌላው ቀን ውሻው ሁለት ጊዜ ቢጮኽ ባትሪውን ይዞ ወጥቶ የሚያይ ጠንቃቃ ሰው ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ያንኑ ጩኸት በበዓል ጆሮ ሰማው። ልጁን ድርሰቱን አስፋፋው አላልሁትም፤ ማርክም አልቀነስሁበትም።

የውሻን ፍርሃት ሳያዩ ማለፍ የዚያ አባት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ውሻ ያላቸውን ሰዎች «ውሻችሁ ድምፅ ይፈራልን?» ብለው ሲጠይቁ አዎን ያሉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየጠሩ፣ ይንቀጠቀጣልን፣ ይደበቃልን፣ ከሰው ሥር ይወሸቃልን እያሉ ሲጠይቁ ግን ግማሽ ያህሉ ሰው ቢያንስ አንዱን ምልክት እንዳየ መለሰ። ስለዚህ ምልክቶቹን ማወቅ ያሻል። የሚንቀጠቀጥና የሚሸሸግ ውሻ እንደ ፈራ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ሳይሞቀው ማለክለክ፣ ሳይርበው ከንፈሩን ደጋግሞ መላስ፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ማዛጋት፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ማጣበቅ፣ ለሀጩን ማዝረክረክ፣ የሚወደውን ሥጋ እንኳ ቢሰጡት ፊቱን ማዞር፣ በር ሥር መሬቱን መጫር፣ ይህ ሁሉ ፍርሃት ነው። አንዳንዱም ከቶ አይጮኽም፤ በአንድ ማዕዘን ደርቆ ይቀመጣል፤ ባለቤቱም «የእኛ ውሻ ጀግና ነው፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል» ይላል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ስለ ኢቫን ፓቭሎቭ ይነግሩን ነበር። ይህ የሩሲያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ውሻ ምግብ ከመቅረቡ በፊት አንድ ድምፅ ደጋግሞ ከሰማ፣ ኋላ ምግቡ ባይኖርም ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምራቁ እንደሚወርድ አሳየ። ይህን ሁላችን በደብተራችን ጽፈናል። ከብዙ ዘመን በኋላ ያነበብሁት ሌላው ታሪኩ ግን ከዚያ ይልቅ በልቤ ቀረ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1924 የኔቫ ወንዝ ሞልቶ የሌኒንግራድን ከተማ ሲያጥለቀልቅ፣ ውኃው የፓቭሎቭ ውሾች ወደሚኖሩበት ቤት ገባ። በሩ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ውሾቹን ለማውጣት ጭንቅላታቸውን በውኃ ውስጥ እየደፈቁ ማሳለፍ ግድ ሆነ። ውሾቹ ተረፉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ አስቀድሞ የተማሩት ጠፋባቸው። ከእነርሱም አንዱ ሳምንታት አልፈው ተሽሎት ሳለ፣ ጥቂት ውኃ በበሩ ሥር እንዲገባ ቢደረግ ያ የጥንቱ ፍርሃት እንደ አዲስ ተመለሰበት።

ይህን ያነበበ ሰው «አንድ ሌሊት ነው፣ ያልፋል» ለማለት አይደፍርም። ክፉ እንቁጣጣሽ ያሳለፈ ውሻ በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ይፈራል፤ ቆይቶም ነጎድጓዱን፣ የመኪናውን ጎማ ፍንዳታ፣ የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደውን በረዶ ሁሉ መፍራት ይጀምራል። ይኸው የፓቭሎቭ ትምህርት ግን በተቃራኒውም ይሠራል። ድምፅና መከራ አብረው እንደሚተሳሰሩ ድምፅና ሥጋም ይተሳሰራሉ። ክረምት ላይ ትምህርት በተዘጋበት ጊዜ፣ ከሐምሌ ጀምራችሁ፣ የርችት ድምፅ በስልካችሁ ላይ ልትከፍቱለት ትችላላችሁ። መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ለመስማት እስክትቸገሩ ድረስ ዝቅ አድርጉት፤ ድምፁ እንደ ተሰማ ቁራሽ ሥጋ ስጡት፤ ይህን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ አድርጉ፤ ከቀን ወደ ቀንም በጣም በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጉት። መብላቱን ካቆመ ወይም ጆሮውን ካጣበቀ ቸኩላችኋልና ወደ ትናንቱ ተመለሱ። ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ የዋዜማ ዕለት የሚጀምረው ሰው ከጥቅሙ ጉዳቱን ያበዛል። እውነተኛው ርችት ብልጭታውና ንዝረቱ ስላለበት የስልኩ ልምምድ ሁሉን አይሸፍንም፤ ቢሆንም ይረዳል። ቡችላ ካላችሁ ሥራው እጅግ ይቀላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በለዘብታ የለመደውን ነገር ሲያድግ ብዙ አይፈራውም።

እንግዲህ ወደ ዋዜማው ሌሊት ልምጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሻውን ማስሮጥና ማንሸራሸር፣ ራቱንም በጊዜ መስጠት ደግ ነው፤ የደከመና የጠገበ ውሻ ዕረፍት ይቀርበዋል። ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱን ከአንገቱ አውልቁና በር ወዳለው ክፍል አስገቡት። ውሻ ቤት አይገባም የሚል ልማድ እንዳለን አውቃለሁ፤ እናቶቻችንም በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ሳሎን ይግባ አላልሁም። ማድ ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ ዕቃ ቤቱ ይበቃል። ማድ ቤት ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ የበዓሉ ከሰል ፍም በውስጡ ቀርቶ በሩ እንዳይዘጋበት፤ የከሰል ጭስ ሰውንም ውሻንም ሳያሳውቅ ይገድላል። መስኮቱን ዝጉ፤ ብልጭታው እንዳይገባ አሮጌ ብርድ ልብስ ጋርዱበት፤ ውኃ አስቀምጡለት፤ የለመደውን ጆንያ ወይም ያረጀ ጋቢ አንጥፉለት። ሬዲዮም ካለ በመጠኑ ክፈቱለት፤ የለመደው የሰው ንግግርና ዘፈን የውጭውን ድምፅ ይሸፍናል። ከአልጋ ሥር ወይም ከዕቃ ኋላ ገብቶ ቢደበቅ ጎትታችሁ አታውጡት፤ ርቀት ስለ ተከለከለ ያገኛት ትንሽ ርቀት እርሷ ናትና።

አንድ ጎረቤት አለኝ፤ የቀድሞ ጦር አሥር አለቃ ነው። ጦር ሜዳ ቆይቶ የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ ርችት መተኮስ ሲጀምር ከእንግዶቹ መካከል ተነሥቶ ሰርቪስ ቤት ይገባል፤ ከውሻው ጋር በአንዲት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ እያዳመጠ እስኪያበቃ ይቆያል። አንድ ጊዜ ወደዚያው ቡና ይዤለት ስገባ፣ «መምህር፣ ለእርሱ ብዬ ነው የምገባው እላለሁ፤ እርሱም ለእኔ ብሎ የሚገባ ይመስለኛል» አለኝ። ውሻው ጭንቅላቱን በጫማው ላይ አስደግፎ ነበር። በየሠፈሩ እንደ አሥር አለቃው ያሉ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ርችት የሚለኩስ ወጣት አስቦት ያውቅ ይሆን?

የፈራ ውሻን ማባበል ፍርሃቱን ያጠነክርበታል የሚል አባባል ከቀድሞ ጀምሮ ይነገራል፤ ዛሬ የእንስሳት ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን አይቀበሉትም። መዝለልና ሥጋ መንጠቅ በሽልማት ይጠነክራል፤ ፍርሃት ግን ልማድ ሳይሆን ስሜት ነው፤ እጅ ቢያሳርፉበት አይባባስም። ስለዚህ ወደ እናንተ ቢጠጋ አታርቁት፤ በለዘብታ ዳብሱት፤ እናንተ ራሳችሁ ግን አትደንግጡ። በፍርሃት ቢሸናና በር ቢቧጥጥ መምታት በፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው። መድኃኒት ቢያስፈልገው የሚያዘው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው፤ ይህም አስቀድሞ የሚጠየቅ እንጂ በዋዜማ የሚፈለግ አይደለም። ለሰው የተሠራ የራስ ምታት ኪኒን ውሻን ይጎዳል፤ ሊገድለውም ይችላል። ሲጠይቁም ጠንቅቆ መጠየቅ ይገባል። አሴፕሮማዚን የሚባል የቆየ መድኃኒት ውሻውን ያፈዘዋል፤ ሰውነቱ ይተኛል፤ ፍርሃቱ ግን በውስጡ እንደ ነቃ ሊቀር ስለሚችል ዛሬ ብቻውን ለዚህ ጉዳይ አይመከርም። እንዲህ ያለውን ውሻ ያየ ባለቤት ተረጋጋ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ውሻው ግን መሸሽ ብቻ ነው የተከለከለው።

የሚያመልጥ ውሻም አይጠፋምና፣ በአንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ማሰሪያ ይኑር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ ይሰጠው። ደንግጦ የወጣ ውሻ ከጎዳና ውሾች ጋር ይቀላቀላል፤ ይነከሳል፣ ይነክሳልም። ይህ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም በሚባልበት ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከውሻው አልፎ የጎረቤት ልጅ ሕይወት ይሆናል። እንግዳ ሲገባ ሲወጣም በሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው በቤተ ሰቡ መካከል ይመደብ፤ ለዚህ ሥራ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚሻል አላገኘሁም፤ ኃላፊነት ሲሰጠው ይወዳል፣ እንቅልፉም ገና አይመጣም።

ርችት ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሌሊቱ የደስታ ሌሊት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን በሌላው አገር እንኳ ለደስታ ልክ አበጅተውለታል፤ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ደንብ ለሕዝብ የሚሸጥ ርችት ድምፁ ከ120 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ከጥቂት በዓላት በቀርም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዳይተኮስ ይከለክላል። እኛ በሠፈራችን ደንብ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻንም። ርችት ለመተኮስ ያሰበ ወጣት አስቀድሞ ለጎረቤቶቹ ሰዓቱን ቢነግር፣ በዚያችም ሰዓት ተኩሶ ቢያበቃ፣ የአሥር አለቃውም የውሻውም ሌሊት ያጥራል። ርችት ለኩሶ በታሰረ ውሻ እግር ሥር የሚጥል ልጅን በተመለከተ ግን ለዘብ ማለት አልችልም። በሥራ ዘመኔ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዙሪያውን የቆሙ ልጆች ይስቁ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሚስቁት መካከል የማይስቅ አንድ ልጅ ነበር፤ እርሱም ዝም አለ። ይህን መጽሐፍ የምታነቡት ወጣቶች ብዙዎቻችሁ የሚጥለው ልጅ እንዳልሆናችሁ አምናለሁ። እኔ የምጽፈው ዝም ላለው ነው። «ተው» የምትል አንዲት ቃል ከእኩያ አፍ ስትወጣ ከአስተማሪ ተግሣጽ ሁሉ ትበልጣለች፤ ይህን በክፍል ውስጥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ውሻውን ከመልቀቃችሁ በፊት ግቢውን ዙሩ። ከጎረቤት የወደቀ የርችት ቁራጭና ያልፈነዳ ባሩድ ቢኖር ልቀሙት፤ ውሻ ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳልና። አጥሩ ተነቃንቆ ወይም ከሥሩ ተቆፍሮ እንደሆነም ተመልከቱ። አንድ ነገር ደግሞ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ውሻ ጠዋት ጅራቱን ቢያወዛውዝም ልቡ ገና አልተመለሰም፤ አንዳንዱ አንድ ሁለት ቀን ይወስድበታል። በዚያው ጠዋት ደግሞ ትንንሽ ልጃገረዶች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው፣ አበባዬሆሽ እያሉና እያጨበጨቡ በየደጃፉ ይመጣሉ። በሌላው ቀን የሚያውቃቸውን ልጆች እንኳ በዚያ ጠዋት ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ልጆች አበባቸውን ሰጥተው፣ ስጦታቸውን ተቀብለው ከሠፈሩ እስኪያልፉ ድረስ በሩ ተዘግቶበት ይቆይ፤ ቁርሱን ግን እዚያው ውሰዱለት።